ሥዕሏ ረዥም፣ ራሷ አጭር

ነገሩን ከአንድ የተቆለፈ መሳቢያ ልጀምር። በማርች 1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲትሮይት ያለው የፎርድ ኩባንያ መኪኖቹን ለሚሸጡለት ነጋዴዎች አንድ ካታሎግ በፖስታ ላከ። ሞዴል ቲ የተባለ ገና ገበያ ያልወጣ መኪና ሊመጣ ነው ይላል፤ አራት ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋው 850 ዶላር። ነጋዴዎቹ ደስ ሊላቸው ሲገባ ደነገጡ። መደብራቸው ውስጥ ገና ያልተሸጡ የቀደሙት የፎርድ ሞዴሎች ቆመዋል፤ ይህ ወረቀት ደንበኛ እጅ ከገባ እነዚያን ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? አንዱ ነጋዴ ዓይኑን እያሻሸ ደጋግሞ እንዳየው ጻፈ። ሌላው ካታሎጉን መሳቢያ ውስጥ ከቶ እንደቆለፈበት ለኩባንያው አስታወቀ። መኪናው ራሱ ለሽያጭ የቀረበው በኦክቶበር ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሲያስጨንቅ የከረመው ብረቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነበር።

የሽያጭ ብሮሸር ከጋዜጣ ማስታወቂያ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የጋዜጣው ማስታወቂያ ሳይጠሩት ይመጣል። ብሮሸሩን ግን ሰውዬው ራሱ መኪና መሸጫው ድረስ ሄዶ፣ ከሻጩ ጠረጴዛ ላይ አንስቶ፣ በነጻ ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። ማታ ከራት በኋላ ይገለጣል። ሚስት ቀለም ትመርጥበታለች፣ ልጆች ይሻሙበታል፣ ባል ደግሞ የኋላ ገጹን ሠንጠረዥ፣ የሞተሩን ጉልበትና የነዳጁን ፍጆታ፣ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። መኪናዋን ያልገዛ ሰው እንኳ ወረቀቷን አይጥልም። ብረቱ ዝጎ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ከየቤቱ ጓዳ በደህና የሚወጣው ለዚህ ነው።

ፎርድ ለብዙ ዓመታት በወረቀት መድከም አላስፈለገውም። ዋጋው ራሱ ይሸጥለት ነበር፤ በ1925 ርካሹ ሞዴል ቲ 260 ዶላር ድረስ ወርዷል። ቀለሙ ጥቁር ነው፤ ከአሥር ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ይህችን ቀዳዳ ያየው የጄኔራል ሞተርስ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዱኮ የተባለ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም መጣ፤ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ቀለም የመቀባት ሥራ እጅግ አጠረ፣ የቀለሙም ዓይነት በዛ። ስሎን መኪናን እንደ ልብስ በየዓመቱ አዲስ አደረገው። የአምናውን የያዘ ሰው የዘንድሮውን አይቶ እንዲቀና ነው ዘዴው። በየዓመቱ አዲስ መኪና ካለ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ብሮሸር አለ። በመኸር ወራት መሸጫዎቹ መስኮታቸውን በወረቀት ጋርደው፣ ቀኑ ሲደርስ አዲሱን መኪና እንደ ሙሽራ መግለጣቸው እየቆየ የአሜሪካ ልማድ ሆነ።

ፎርድ በዚህ ተሸነፈ። በሜይ 26፣ 1927፣ 15 ሚሊዮንኛው ሞዴል ቲ ከፋብሪካው ወጣ፤ የሞዴሉም ዘመን በዚያው ተዘጋ። 15 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፣ እንመለስበታለን።

ልክ በ11ኛው ዓመት፣ በዚያው በሜይ 26 ቀን፣ አዶልፍ ሂትለር በሰሜን ጀርመን ፋለርስሌበን በምትባል ከተማ አጠገብ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ፋብሪካው እንዲሠራት የታሰበችውን መኪና የነደፈው ዲትሮይት ድረስ ሄዶ የፎርድን ፋብሪካ ተዘዋውሮ ያየው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ሁለት አዋቂና ሦስት ልጅ የምትይዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳትደክም የምትሮጥ፣ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ዋጋዋ ከ1 ሺህ ማርክ የማይበልጥ። ከዚህ የወጣችውን ክብ ጀርባ መኪና የማያውቅ የለም። እኛ ቮልስ የምንላት እሷ ናት። በዚያን ቀን ግን ሂትለር ከመድረኩ ላይ ሌላ ስም አወጣላት፤ «ኃይል በደስታ» በሚባለው የናዚ ሠራተኞች ድርጅት የመዝናኛ ክፍል ስም፣ ባጭሩ ካ-ዴ-ኤፍ ቫገን። ፖርሽ ስሙን አልወደደውም ይባላል። እውነቱን ነው፤ በካድሬ ስብሰባ ስም የተጠራች መኪና ማን ገዝቶ ይዘንጥባታል?

የሚገዛት ግን ሞልቶ ነበር፤ ወረቀቱ ቀድሞ ደርሶታልና። በኦገስት 1938 የሠራተኞቹ ድርጅት አለቃ፣ ሮበርት ላይ የተባለው ሰው፣ የቁጠባ ዘዴውን አወጀ። የመኪናዋ ዋጋ 990 ማርክ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ባለ 5 ማርክ ቴምብር ይገዛና በደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ ተራ ይይዛል። ሳምንታዊውን ቁጠባ የሚያስታውስ ቤት የሚመታ መፈክር ሳይቀር በግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ብሮሸሩም ታተመ፤ ርዕሱ «ያንተ ካ-ዴ-ኤፍ ቫገን» ይላል። «ያንተ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። መኪናዋን የሚሠራው ፋብሪካ ገና ግድግዳው እየቆመ ነው፤ ባለቤቱ ግን ከወዲሁ ታውቋል።

ሒሳቡን ላስላው። 990ን ለ5 ስናካፍል 198 ሳምንት ይመጣል፤ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ። በኦገስት 1938 የጀመረ ሰው፣ አንድም ሳምንት ሳያጓድል ቢለጥፍ፣ ደብተሩ የሚሞላው በ1942 አጋማሽ ላይ ነው። ወለድ የለውም። ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ገንዘብ መመለስ የለም። ለሌላ ሰው ማዛወርም አይቻልም። ቀለም መምረጥ ቀርቶ መመኘት እንኳ አያስፈልግም፤ ሁሉም ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ነው። ዕቁብ ቢሆን በየሳምንቱ ቢያንስ ለአንዱ ይወጣለት ነበር። ይህ ግን ዳኛው ብቻ የሚበላው ዕቁብ ነው። ወደ 336 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገባበት።

ደብተሩ ሊሞላ በተቃረበበት በ1942 ፋብሪካው የሚሠራው ለጦር ሠራዊቱ ነበር። በቮልስዋ ሻንሲ ላይ የተገጠመው ኩቤልቫገን የተባለው የወታደር መኪና በሺዎች ሲወጣ፣ የቤተሰቧ መኪና በጦርነቱ ዘመን ሁሉ የተሠራችው 630 ያህል ብቻ ነው፤ እነሱም የሄዱት ለሹማምንት ነው። ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ከተያዙ አገሮች የተጋዙ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ወደ 20 ሺህ ይደርሳል። ስለ እነሱ የታተመ ብሮሸር የለም። ቴምብር ከለጠፉት 336 ሺህ ሰዎች አንዱም መኪና አልደረሰውም። ገንዘቡም በርሊን ባንክ ተቀምጦ ሳለ ሶቪየቶች ከተማዋን ሲይዙ በዚያው ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት በጀርመንኛ ቢኖር ኖሮ በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ ነበር።

በ1945 ፋብሪካው በብሪታንያ ጦር እጅ ገባ። አይቫን ኸርስት የተባለ ሻለቃ ፍርስራሹን አስጠርጎ አንዷን መኪና አሳየ፤ መኪና ያጣው የእንግሊዝ ሠራዊትም 20 ሺህ አዘዘ። የእንግሊዝ መኪና ሠሪዎች መጥተው አይተዋት ናቋት። በ1948 ፋብሪካው ለፎርድ በነጻ ሊሰጥ ነበር፤ እነሱም አልፈለጉም ይባላል። ሰው የናቀውን እንዲያነሳ የተመረጠው ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ፣ ቀድሞ በኦፔል የሠራ መሐንዲስ፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ መኪናዋ ውሻ ካለው ቁንጫ የሚበልጥ ጉድለት አላት ብሏል ተብሎ ይወራበታል።

ከመኪናው ቀድሞ በወረቀት ገንዘብ መሰብሰብ የናዚዎች ብቻ ፈጠራ እንዳይመስለን፣ በዚያው ሰሞን ቺካጎ ውስጥ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ፕሬስተን ተከር የተባለ ሰው በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበት የነበረውን ግዙፍ ፋብሪካ ተከራይቶ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ መሐል ግንባሩ ላይ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር ሦስተኛ መብራት ያለው መኪና እሠራለሁ አለ። በብሮሸሮቹና በማስታወቂያዎቹ ላይ ያለው መኪና ዛሬም ያምራል። የመጀመሪያው ናሙና በጁን 1947 ለሕዝብ ታየ፤ ተስፋ ከተሰጠው ውስጥ ብዙው ግን ወደ ብረቱ አልገባም። ገንዘብ ሲያጥረው ተከር አዲስ ዘዴ አመጣ፤ ገዥው መኪናው ሳይኖረው ሬዲዮኑን፣ የወንበር ልብሱንና ሻንጣውን ቀድሞ ይግዛ፣ ወረፋ ይያዝለታል። ሰው ገዛ! ከቴምብሩ የሚለየው ቢያንስ እጁ ላይ ሬዲዮ መቅረቱ ነው። መንግሥት በማጭበርበር ከሰሰው፤ ክሱም በወረቀት የተባለውና በብረት የተሠራው አይገናኝም የሚል ነበር። በጃንዋሪ 1950 ነጻ ተባለ። ያን ጊዜ ግን ፋብሪካው ተዘግቷል። የተሠሩት መኪኖች ጠቅላላ 51 ናቸው።

ወደ ቮልፍስቡርግ እንመለስ፤ የፋብሪካዋ ከተማ አዲሱ ስሟ ይህ ነው። በ1949 ኖርድሆፍ ለውጭ ገበያ የሚሆን ሞዴል አወጣ፤ ግራጫው ቀርቶ ደመቅ ያለ ቀለም፣ በየጠርዙ የሚያብረቀርቅ ክሮም። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት ሁለት ብቻ ናቸው። መኪናዋን ወደ ኒው ዮርክ ይዟት የሄደው ሆላንዳዊ ነጋዴ ቤን ፖን፣ የሆቴል ሒሳቡን የከፈለው ለማሳያ ያመጣትን ሸጦ ነው።

ታዲያ ይህቺን ሁሉም ያቃለላትን አጭር መኪና ማን ያስውባት? ሥራው የተሰጠው ለቤርንት ሮይተርስ ነው። ሮይተርስ ከጦርነቱ በፊት በርሊን ውስጥ የቅንጦት መኪኖችን ሲስል የኖረ፣ ረዥም ኮፈንና የሚንሳፈፍ ፓራፋንጎ የለመደ እጅ ነበረው። ያንን እጅ ቮልስዋ ላይ አሳረፈው። በእውነቱ ዓለም ከፊት እስከ ኋላ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም ናት። ሮይተርስ ጋ ስትደርስ ጀርባዋ እንደ ጠብታ እየሾለ ይረዝማል፣ ጣሪያዋ ዝቅ ይላል፣ ጎማዎቿ መሬቱን ሳይነኩ የሚበሩ ይመስላሉ፣ ከኋላዋ ነጫጭ ሰረዞች ይከተሏታል፤ የነፋስ ዱካ ናቸው። የሞተሯ ጉልበት 25 ነው! በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ረዥም ቁልቁለትና ጥሩ ጸባይ ያለው ነፋስ ያስፈልጋት ነበር ብዬ ብቀልድ የነዳት ሰው አይቆጣኝም።

ተንኮሉ ያለው ውስጥ ነው። ከሮይተርስ ብሮሸሮች አንዱን አቅርቦ የመስኮቱን ውስጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ሹፌሩ፣ ከጎኑ ባርኔጣ ያደረገችው ሴት፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች፣ ሁሉም የአሻንጉሊት ያህል ናቸው። መኪናዋን ማስረዘም ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀመጡባትን ሰዎች ማሳነስም ያስፈልጋል። የኋላ ወንበሩ ላይ እግር ዘርግቶ የተቀመጠው ሰው ከመኪናው ወጥቶ ቢቆም ቁመቱ ከበሩ እጀታ ብዙም አይበልጥም። አንዴ ይህን ካዩ በኋላ የዚያን ዘመን የመኪና ሥዕል በየዋህ ዓይን ማየት አይቻልም፤ ይህን የሚያደርገው ሮይተርስ ብቻ አልነበረምና።

በነገራችን ላይ፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ቮልሶች ላይ መታጠፊያ ምልክቱ እንደ ዛሬው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይደለም። በበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ውስጥ ብቅ የሚል፣ ውስጡ የሚበራ ክንድ ነው፤ እንደ ቀስት። የእኛ ሾፌሮች እስከ ዛሬ «ፍሬቻ» የሚሉት ቃል በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ዕቃው ከጠፋ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን በየታክሲው አለ።

ሮይተርስን ውሸታም ማለት ይቀላል። እኔ ግን አልለውም። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ወጥቶ፣ በብስክሌት ሥራ ሲመላለስ ኖሮ፣ በ1952 ገንዘብ አጠራቅሞ የመጀመሪያ መኪናውን የተረከበ ጀርመናዊ፣ በመጀመሪያው እሁድ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ከከተማ ሲወጣ የሚሰማው 25 የፈረስ ጉልበት አይደለም። የሚሰማው ሮይተርስ የሳለው ነው። ሰውዬው የሚለካው በሜትር አልነበረም። ለእኔ ከመኪና ብሮሸሮች ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው፤ ከኋላቸው የመጡት ብልጦች ምንም ቢሉ።

ኖርድሆፍ በኦገስት 1955 ሚሊዮንኛዋን ቮልስ ወርቃማ ቀለም ቀብቶ አወጣ። በዚያው ዓመት ማዶ አሜሪካ ውስጥ ዶጅ የተባለው ኩባንያ ለሴቶች ብቻ ነው ያለውን መኪና ሊሸጥ ሞከረ። ላ ፋም ይባላል፤ ሮዝና ነጭ ነው፣ ከመኪናው ጋር የሚመሳሰል የእጅ ቦርሳ፣ የከንፈር ቀለም፣ ጃንጥላና የዝናብ ካፖርት አብሮ ይሰጣል። ይሁንና በየመሸጫው ቆሞ የሚታይ መኪና አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የነበረው አንዲት ወረቀት ነበረች። ሴቶቹ ወረቀቷን አዩ፣ ሳቁ፣ ሄዱ። በሁለተኛው ዓመት ቀረ።

የዲትሮይት ሥዕል ጫፍ የደረሰው ግን ፖንቲያክ በተባለው መኪና ነው። ከ1959 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መባቻ ድረስ የፖንቲያክን ማስታወቂያና ብሮሸር የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አርት ፊትዝፓትሪክ መኪናውን ብቻ ይስላል። ቫን ካውፍማን፣ ቀድሞ በዲዝኒ የካርቱን ሠዓሊ የነበረው፣ ሰዎቹንና ዳራውን ይስላል፤ የሌሊት ሆቴል፣ የባሕር ዳር መንገድ፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚያብረቀርቅ መብራት። ፖንቲያክ በ1959 ጎማዎቹን ወደ ውጭ አስፍቶ ነበርና ፊትዝፓትሪክ ስፋቱን ይዞ ሮጠበት። ሮይተርስ ያስረዘመውን እሱ አሰፋው። በሥዕሎቹ ላይ መኪናው የመንገዱን ግማሽ ይዞ ሲቀርብ፣ ከጎኑ ሌላ መኪና እንዴት እንደሚያልፍ ያሳስባል። እውነተኛው ቦንቪል ሞዴልም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ቮልስዋን አጠገቡ ብናቆማት በአንድ ሜትር ተኩል ታንሰዋለች።

እንግዲህ በዚያው በ1959 ነው ቮልስ ዋገን በአሜሪካ ማስታወቂያውን ዶይል ዴን በርንባክ ለተባለ የኒው ዮርክ ድርጅት የሰጠው። የድርጅቱ ራስ ቢል በርንባክ አይሁዳዊ ነው፤ ጽሑፉን የጻፈው ጁልየን ከኒግም እንዲሁ። ሂትለር የመሠረት ድንጋዩን ያኖረላትን መኪና ከጦርነቱ ማብቂያ 14 ዓመት በኋላ ለአሜሪካውያን የሚሸጡት እነሱ ሆኑ። የገጹን አቀማመጥ የነደፈው ሄልሙት ክሮን ነው። መጀመሪያ ሰዎቻቸውን ቮልፍስቡርግ ልከው ፋብሪካውን አዩ። ከዚያ ያደረጉት፣ ዲትሮይት ሃምሳ ዓመት የተማረውን ሁሉ መገልበጥ ነው። ሥዕል የለም፣ ፎቶግራፍ ነው። ቀለም የለም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሆቴል የለም፣ ባሕር የለም፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት የለችም።

«ትንሽ አስብ» የሚል ርዕስ ያለውን ገጽ ላስረዳ። ገጹ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። በነጩ ሜዳ ላይ፣ ወደ ላይ ግራ ጥግ፣ አንዲት ቮልስ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል መጠን ቆማለች። ያ ብቻ ነው። ለአንድ ገጽ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ባዶ ወረቀት ማሳተም! ሮይተርስ በሁለት ገጽ አላስቀምጥ ብሎ የዘረጋት መኪና እዚህ ዝንብ አክላለች። ጽሑፉ ከታች በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል፤ ትንሽ ነዳጅ፣ ትንሽ ኢንሹራንስ፣ ትንሽ የመቆሚያ ቦታ እያለ ጉድለቷን አንድ በአንድ ወደ ጥቅም ይመልሰዋል።

ቀጥሎ በ1960 የመጣው «ሎሚ» የሚል ነው። ይህ ለእኛ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ ደረት ነው የሚወረወረው። አሜሪካ ውስጥ ግን መኪና ሎሚ ናት ከተባለ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የተበላሸች፣ ገዥዋን የምታስለቅስ ናት ማለት ነው። አንድ ኩባንያ የራሱን መኪና ፎቶ አንስቶ ከሥሯ «ሎሚ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢ ደንግጦ ማንበብ ይጀምራል። ከዚያ ነገሩ ይገለጣል፤ ይህቺ መኪና የእቃ መክተቻዋ ክሮም ላይ እንከን ስለተገኘባት ወደ ኋላ ተመልሳለች፣ እርስዎ ሳያዩት እኛ አየነው ይላል። ቮልፍስቡርግ ውስጥ ሥራቸው መመርመር ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች እንዳሉም ይናገራል። በአሜሪካ መሸጫዎች የሚታደሉት ብሮሸሮችም ቀስ በቀስ ይህንኑ ቋንቋ ተናገሩ።

እንግዲህ እውነት ተናገረ ማለት ነው? እኔ እንደማየው፣ ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። ሮይተርስ መኪናዋን አስረዘማት፤ እነ በርንባክ ገዥውን አስረዘሙት። ፖንቲያክ የሚገዛው ጎረቤትህ ሞኝ ነው፣ አንተ ግን ነገር የገባህ ሰው ነህ የሚል ሹክሹክታ በየመስመሩ አለ። እሱም ቢሆን ሥዕል ነው፣ የሚሳለው ሌላ ነገር ሆነ እንጂ።

በኦክቶበር 1961 ጀርመን ውስጥ የቆየ ጉዳይ ተቋጨ። የቴምብር ደብተራቸውን ከቦምብና ከስደት አድነው ያቆዩ ቆጣቢዎች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካውን ሲከሱ ኖረዋል፤ ፋብሪካው ደግሞ ገንዘቡ እኛ ጋ አልደረሰም ይላል፣ እውነትም አልደረሰም። በመጨረሻ ታረቁ። ደብተሩ የሞላለት ሰው አዲስ ቮልስ ሲገዛ እስከ 600 ማርክ ይቀነስለታል፤ መኪና አልፈልግም ካለ 100 ማርክ በእጁ ይቀበላል። በ1938 «ያንተ» ተብሎ ብሮሸር የተሰጠው ሰው፣ 23 ዓመት ቆይቶ፣ የቀረውን ጨምሮ ገዛት።

በዚያው ሰሞን ለ1962 ሞዴል ዶይል ዴን በርንባክ ሌላ ገጽ አወጣ። ፎቶግራፉ ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ነጭ ነው። ከሥሩ ያለው ርዕስ የዘንድሮዋን ቮልስ ማሳየት ጥቅም የለውም፣ ያው ናት የሚል ነው። ስሎን በየዓመቱ አዲስ ሥዕል ያስፈልጋል ካለ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1938 ሥዕል ተሰጥቶ መኪና አልነበረም። አሁን መኪናዋ በየመንገዱ ስላለች ሥዕሉ ቀረ።

አሜሪካውያን በ1968 ብቻ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ገዙ። በፌብሩዋሪ 17፣ 1972፣ 15,007,034ኛዋ ቮልስ ወጣችና የሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ይያዝልኝ ያልኩት ቁጥር ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቮልፍስቡርግ እሷን መሥራት አቆመ፤ ሜክሲኮ ግን ቀጠለች። የመጨረሻዋ በጁላይ 30፣ 2003 ፑዌብላ ላይ በአበባ አጊጣና በማሪያቺ ሙዚቃ ተሸኝታ ወጣች። ጠቅላላ ቁጥሯ 21,529,464 ነው።

ብሮሸሮቹ ዛሬ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኸርሺ በምትባል ከተማ በየኦክቶበሩ በሚቆመው የአሮጌ መኪና ገበያ፣ ከሞተርና ከቸርኬ ክምር መሐል፣ በካርቶን ተደርድረው ይሸጣሉ። በነጻ የታደለ ወረቀት በገንዘብ! ከሚገዟቸው ሰዎች ብዙዎቹ ለጌጥ አይደለም የሚፈልጓቸው። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የወንበሩ ጨርቅ ምን ነበር፣ የመሪው ቀለም ዝሆን ጥርስ ነው ወይስ ጥቁር፣ ስፖኪዮው የት ላይ ነበር የሚለውን የሚጠይቀው እነሱን ነው። የቮልስ ብሮሸር ከሆነ፣ በጀርባ ገጹ ግርጌ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ በሚነበብ ፊደል፣ የታተመበት ወርና ዓመት አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ የመለወጥ መብታችን የተጠበቀ ነው የሚል አንድ መስመር። ብሮሸሩ የሚታተመው መኪናው ከመሠራቱ ቀድሞ ስለሆነ አንዳንዱ ነገር በመንገድ ላይ ተቀይሯል።

አዲስ አበባ ያሉት ቮልሶች አምስት ስድስት ጊዜ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ድምፃቸው ከመታጠፊያው ቀድሞ ይሰማል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንሱ ደግሞ የማይሰማ ሰው የለም። ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ የፊቱን ኮፈን ሲከፍት ያየ ልጅ ሞተሩ የት ሄደ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የመጀመሪያ ቀለሟን ማግኘት የፈለገ ባለቤት ፈልጎ የሚያገኘው እዚያው ኮፈን ሥር ነው፤ ትርፍ ጎማው ከሚተኛበት ጎን፣ ቀለም ቀቢው የረሳት የመዳፍ ያህል ቦታ ትኖራለች። አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ከዓመቷ ብሮሸር የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ያስተያየዋል። የቀለሙን ስም ከዚያ ይወስዳል፣ የወንበሩንም ጨርቅ። አዲስ የእግር ምንጣፍ ሊያስቆርጥ ሲል ግን በብሮሸሩ ሥዕል አይተማመንም፤ ሜትር ያወጣል።